የእህል ምግብን መመጠን፣ አትክልትና ፍራፍሬን ማብዛት፦ ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

የምዕራብ ሸዋ ዞን በእህል ምርት ከሚታወቁ የኦሮሚያ ክልል አካባቢዎች አንዱ ነው። በጊንጪ ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ፣ በጀልዱና በደንዲ ደጋማ ቀበሌዎች ገብስና ድንች፣ ዝቅ ብሎ በባኮ አካባቢ ደግሞ በቆሎ በስፋት ይመረታል። በመሆኑም በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ፣ በባኮና በሌሎች የዞኑ ከተሞች የሚኖር ቤተሰብ የዕለት ማዕድ መሠረቱ እህል ነው። ይህ የማዕድ ሥርዓት የተቀረጸው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያጭድና ሸክም ሲሸከም ለሚውል ሰው ነበር። ዛሬ ግን በከተሞቹ በርካታ ነዋሪዎች ተቀምጠው ይሠራሉ፤ አጭር መንገድም በባጃጅ ይሄዳሉ። የሥራው ዓይነት ሲለወጥ በገበታው ላይ ያለው የእህል መጠን ግን እምብዛም አልተለወጠም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነዋሪዎች እንጀራን እንዲተዉ መምከር አይደለም። በአካባቢው በሚገኙ ምግቦች ተጠቅሞ የካርቦሃይድሬትን መጠን ከሥራና ከጤና ሁኔታ ጋር ማመጣጠን፣ በምትኩም አትክልት፣ ፍራፍሬና ሌሎች ያልተቀነባበሩ ምግቦችን ማብዛት እንዴት እንደሚቻል፣ እንዲሁም ይህን ማድረግ የሌለባቸው እነማን እንደሆኑ ማስረዳት ነው።

ካርቦሃይድሬት ምንድን ነው?

ካርቦሃይድሬት ለሰውነት ኃይል ከሚሰጡ ሦስት ዋና ዋና የንጥረ ምግብ ክፍሎች አንዱ ሲሆን ሌሎቹ ፕሮቲንና ስብ ናቸው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ይሰጣል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ስኳር ድንችና ቆጮ አብዛኛው ይዘታቸው ካርቦሃይድሬት ነው። ለምሳሌ በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይገኛል። ስኳር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ካርቦሃይድሬት ነው።

ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ግሉኮሱ ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ ምግብ በተደጋጋሚ ሲገባ ትርፉ በስብ መልክ በተለይም በሆድ አካባቢ ይጠራቀማል። ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽም እየደከመ ይሄዳል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚጀምረው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

የካርቦሃይድሬት ምግቦች ሁሉ እኩል አይደሉም። ከነገለባው የተፈጨ ጤፍ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቅንጬና ጥራጥሬ በውስጣቸው አሰር ስላላቸው ቀስ ብለው ይፈጫሉ። በገብስ ውስጥ የሚገኘው የሚሟሟ አሰር የኮሌስትሮልን መጠን ለመቀነስም ይረዳል። የፉርኖ ዱቄት ዳቦ፣ ብስኩት፣ ነጭ ሩዝና ጣፋጭ መጠጦች ግን በፍጥነት ወደ ደም ገብተው የስኳርን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ስለሆነም ለመቀነስ የሚመረጠው በቅድሚያ ስኳርና የፉርኖ ዱቄት ውጤት፣ ቀጥሎም ከመጠን ያለፈ እንጀራ፣ ድንችና ሩዝ ነው።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ያስፈልገዋል?

በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ላይ በተካሄደው ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ 6 ያህሉ ደግሞ ከፍ ያለ የደም ስኳር መጠን እንዳላቸው ታይቷል። በዚሁ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ከ95 የሚበልጡት በቀን የሚመከረውን የአትክልትና ፍራፍሬ መጠን እንደማይመገቡ ተረጋግጧል።

በሌላ በኩል በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። መቀንጨር እህል በሞላበት ቤት ጭምር ይከሰታል፤ ምክንያቱም የሕፃን ሆድ በገንፎ ወይም በእንጀራ ብቻ ሲሞላ ለእድገት የሚያስፈልገው ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ ይጎድለዋል። የአባት የደም ስኳር ከፍ ማለትና የልጅ አለማደግ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገኙ የሚችሉት፣ የሁለቱም መነሻ አንድ ዓይነት ምግብ ላይ ያተኮረ ማዕድ ሊሆን ስለሚችል ነው። መፍትሔው ግን ለሁለቱ አንድ አይደለም፤ ለአባት እህሉን መመጠን፣ ለልጅ ደግሞ በገንፎው ላይ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬና አትክልት መጨመር ነው።

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያም በየዕለቱ ከልዩ ልዩ የምግብ ምድቦች አሰባጥሮ መመገብን መሠረቱ አድርጓል።

በአካባቢው ማዕድ ላይ ሊስተዋሉ የሚገባቸው ነጥቦች

ድንች እንደ እህል ይቆጠራል። ድንች ከማሳ ትኩስ ሆኖ ቢመጣም በይዘቱ ከእህል ወገን ነው። በ100 ግራም የተቀቀለ ድንች ውስጥ 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። በተመሳሳይ መጠን ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ወይም ቲማቲም ውስጥ ያለው ከ4 እስከ 6 ግራም ያህል ብቻ ነው። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉ የድንች ዝርያዎችን በማውጣቱ ምርቱ በአካባቢው ገበያ በብዛት ይገኛል። ድንች ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በገበታ ላይ የእንጀራውን ቦታ እንጂ የጎመኑን ቦታ ሊወስድ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትም ድንችንና መሰል ሥራ ሥሮችን ከአትክልት ምክረ ሐሳቡ ውጭ ያደርጋቸዋል።

እህልን በእህል መብላት የተለመደ ነው። የእንጀራ ፍርፍር በእንጀራ፣ መኮሮኒ ወይም ፓስታ በእንጀራ፣ ድንች በዳቦ የሚቀርብባቸው ማዕዶች በምግብ ቤቶችም በቤትም የተለመዱ ናቸው። በእነዚህ ማዕዶች መጠቅለያውም ማባያውም ካርቦሃይድሬት ነው። ፍርፍሩን ያለተጨማሪ እንጀራ፣ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከሽንኩርት ስልስ ወይም ከእንቁላል ጋር መመገብ ቀላሉ ማሻሻያ ነው።

ቆጮ ብቻውን አይበቃም። እንሰት በሚለማባቸው ደጋማ ቦታዎች የሚበላው ቆጮ በካርቦሃይድሬት የበለጸገ ሲሆን የፕሮቲን ይዘቱ በጣም ዝቅተኛ ነው። ቆጮን በጎመንና በአይብ መብላት ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ በሥነ ምግብ ረገድም ትክክለኛ ነው። መጠበቅ ያለበት የጎመኑና የአይቡ መጠን ከቆጮው እንዳያንስ ነው።

ሽሮ ከምን እንደተዘጋጀ ማወቅ ያስፈልጋል። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም ከ100 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ 20 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲንና በቂ አሰር ይገኛል። ስለዚህ እንጀራ የሚቀንስ ሰው ሽሮና ምስር መቀነስ አያስፈልገውም። ነገር ግን በጥቁር አፈር አካባቢ የሚመረተው ጓያ በብዛትና ለተከታታይ ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ሊያስከትል ስለሚችል ጓያ የሽሮ ዋና እህል ሊሆን አይገባም።

በቀን ምን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች 350 ግራም፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ደግሞ 250 ግራም ይመከራል። ለአዋቂ የሚመከረው 400 ግራም እያንዳንዱ 80 ግራም በሆነ አምስት ድርሻ ይከፈላል።

በቤት ውስጥ ሚዛን ባይኖርም መጠኑን በግምት ማወቅ ይቻላል። አንድ መካከለኛ ቲማቲም፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ፣ ግማሽ አቮካዶ ወይም አንድ ብርቱካን እያንዳንዳቸው አንድ ድርሻ ያህል ይሆናሉ። በአንድ እጅ ጭብጥ የሚሞላ የበሰለ ጎመን ወይም ቆስጣም እንዲሁ። ስለዚህ ቁርስ ላይ አንድ ሙዝ፣ ምሳ ላይ የጎመን ወጥና የቲማቲም ሰላጣ፣ እራት ላይ ሁለት ጭብጥ ጥቅል ጎመንና ካሮት የበላ ሰው የቀኑን ድርሻ አሟልቷል ማለት ነው።

ማዕዱን የማስተካከያ መንገዶች

ሀ. የገበታውን ስፋት በሦስት ማሰብ። ግማሹ ቦታ ለአትክልት፣ ሩቡ ለጥራጥሬ፣ ለእንቁላል፣ ለአይብ ወይም ለሥጋ፣ ቀሪው ሩብ ለእንጀራ፣ ለዳቦ ወይም ለድንች ቢሆን ተመጣጣኝ ነው። ቤተሰብ በአንድ ትሪ በሚመገብበት ጊዜ እያንዳንዱ የበላውን መጠን ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ተጨማሪ እንጀራ ጥቅልል አድርጎ በትሪው ዙሪያ ከመደርደር ይልቅ ጎመኑን፣ ሰላጣውንና ጥራጥሬውን በርከት አድርጎ ማቅረብ፣ እንጀራውን ግን በየሰው ቆጥሮ ማውጣት ይረዳል።

ለ. ደረጃ በደረጃ መቀነስ። በአንድ ማዕድ ሁለት እንጀራ የሚበላ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ አንድ ተኩል፣ ከዚያም ወደ አንድ ቢያወርድና የጎደለውን በአትክልትና በጥራጥሬ ቢተካ ረሃብ ሳይሰማው ይለምዳል። በአንድ ጊዜ እህልን ሙሉ በሙሉ መተው ድካምና ራስ ምታት ስለሚያስከትል ብዙዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን እንዲመለሱ ያደርጋል።

ሐ. ቁርስ ላይ ምርጫ ማድረግ። ዳቦ በሻይ ወይም ጨጨብሳ በብዙ ቅቤ በካርቦሃይድሬትና በስብ የበለጸጉ ናቸው። በምትካቸው ቅንጬ ከእርጎ ጋር፣ እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ ከትንሽ ዳቦ ጋር፣ ወይም ባቄላ ፉል ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር መመገብ ይቻላል።

መ. የእንግዳ አክብሮት። በአካባቢው ባህል እንግዳን ደጋግሞ ብላ ማለትና ማጉረስ የፍቅር መግለጫ ነው። ይህ መልካም ልማድ የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው ወደ ጭንቀት እንዳያስገባው አስተናጋጆች ጉርሻውን ከጎመኑ፣ ከአይቡ ወይም ከምስሩ ቢያደርጉት፣ እንግዳውም ሕመሙን ሳያፍር ቢናገር አክብሮቱም ጤናውም ይጠበቃሉ።

ሠ. የጾም ወቅት። የጾም በያይነት በጎመን፣ በምስር፣ በሽሮ፣ በቀይ ሥርና በሰላጣ የተሞላ በመሆኑ ከተሻሉ ማዕዶች ይመደባል። ችግር የሚፈጠረው ማባያው አንሶ እንጀራው ሲበዛ፣ ወይም ጾሙ በሻይና በዳቦ ብቻ ሲታለፍ ነው። ለረጅም ሰዓት ሳይመገቡ ከቆዩ በኋላ በአትክልትና በጥራጥሬ ጀምሮ እንጀራውን ማስከተል የደም ስኳር በፍጥነት እንዳይጨምር ይረዳል። በረመዳን የሚጾሙም ማፍጠሪያውን በተምርና በውኃ ጀምረው የሳምቡሳና የጣፋጭ መጠኑን ቢቀንሱ ይመከራል።

ረ. መጠጥ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። በቀን አራት ሲኒ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ደግሞ 48 ግራም ያህል ስኳር ወስዷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የስኳር ጣሪያው 50 ግራም እንዲሆን፣ ከተቻለም ከ25 ግራም በታች እንዲወርድ ይመክራል። በመሆኑም እንጀራ ሳይነካ እንኳ ስኳርን ብቻ በመቀነስ ትልቅ ለውጥ ማምጣት ይቻላል። ከሰንቀሌ ምንጭ ተቀድቶ ከ90 ዓመታት በላይ በጠርሙስ ሲሸጥ የኖረው የአምቦ ውኃ ስኳር የሌለበት በመሆኑ በለስላሳ መጠጥ ምትክ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን የተፈጥሮ ሶዲየም ስላለው የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች መጠኑን ከሐኪም ጋር ሊመክሩበት ይገባል። ጠላ፣ ጠጅና ቢራም ካርቦሃይድሬትና አልኮል ስላላቸው ከቀኑ ሒሳብ ውጭ አይደሉም።

አትክልትን በአቅም ማግኘት

አትክልት ለማብዛት እንቅፋት ሆኖ ከሚነሳው አንዱ ዋጋ ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት ዋጋቸው በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ግን በአብዛኛው በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛሉ። በአካባቢው ራፉ በመባል የሚታወቀው የሐበሻ ጎመን በንጥረ ምግብ ይዘቱ ከውድ ፍራፍሬ አያንስም፤ የቫይታሚን ኤ፣ የቫይታሚን ሲና የካልሲየም ምንጭ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ፖም ወይም ወይን መግዛት ሳያስፈልግ ጎመንን በየቀኑ ከገበታ አለማጥፋት ይበቃል።

ወቅትን ማወቅም ወጪን ይቀንሳል። በክረምትና በመኸር በዝናብ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ይበዛሉ። በበጋ ደግሞ ከወንዞች በመስኖ የሚለሙ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ወደ ገበያ ይወጣሉ። ከባኮና ከሌሎች ሞቃት አካባቢዎች የሚመጣው ማንጎም በወቅቱ ርካሽ ነው።

የጓሮ አትክልት ሌላው አማራጭ ነው። ጎመንና ቆስጣ ከሥር ሳይነቀሉ የታችኛው ቅጠላቸው እየተቀነጠበ ለወራት ስለሚበሉ ጥቂት እግር ተክል ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ድጋፍ ይሆናል። ግቢ የሌላቸው ተከራዮችም አፈርና ፍግ በተሞላ ማዳበሪያ ወይም በአሮጌ ባልዲ ሊተክሉ ይችላሉ። በበጋ አትክልት የታጠበበትን፣ ሳሙና የሌለበትን ውኃ ለማጠጫ መጠቀም ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የወተት፣ የእንቁላል፣ የዶሮና የማር ምርትን በቤተሰብ ደረጃ ማስፋፋትን ስለሚያካትት ነዋሪዎች ከየወረዳቸውና ከየከተማቸው የግብርና ጽሕፈት ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላሉ።

አያያዝ፣ ንጽሕናና አበሳሰል

አትክልትን ማብዛት በሽታን ማብዛት እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተማ አቋርጠው በሚያልፉ ወንዞች ውኃ የለማ አትክልት በአንጀት ጥገኛ ትላትሎችና በታይፎይድ ተሕዋስያን ሊበከል ይችላል። ስለሆነም፦

• በጥሬው የሚበሉ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ካሮት በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልጦ ማጽዳት፤ የውኃው ንጽሕና አጠራጣሪ ከሆነ አትክልቱን አብስሎ መመገብ።
• አምራቾች ፀረ ተባይ ኬሚካል ከረጩ በኋላ በመያዣው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ቲማቲምም ሆነ ጎመን ለገበያ አለማቅረብ፤ ሸማቾችም በሚገባ ማጠብ።
• ጎመንን ከመክተፍ በፊት ማጠብ፤ ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ ቫይታሚኑ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ለረጅም ሰዓት ከመቀቀል ይልቅ በጥቂት ውኃ ከድኖ ማብሰልና የተቀቀለበትን ውኃ አለመድፋት።
• ዘይትን መመጠን፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ እንጀራ ቀንሶ ዘይት መጨመር ጥቅሙን ያጠፋዋል።
• አዮዲን ያለው ጨው መጠቀምና ጠቅላላ የጨው መጠን በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለትም ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ማድረግ።
• በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ያለው ብረት በሚገባ እንዲመጠጥ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ጨምሮ መመገብ፤ ቡናና ሻይ የብረትን መመጠጥ ስለሚቀንሱ ከምግብ ጋር ከመጠጣት ይልቅ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት።
• ወተትን አፍልቶ መጠጣት፣ ሥጋንም አብስሎ መብላት።

እህል መቀነስ የሌለባቸው ወይም ያለ ሐኪም ምክር መቀነስ የማይገባቸው ሰዎች

ለአንዱ የሚጠቅም ምክር ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። የሚከተሉት የኅብረተሰብ ክፍሎች በራሳቸው ውሳኔ ካርቦሃይድሬት መቀነስ የለባቸውም።

1. ሕፃናትና በማደግ ላይ ያሉ ልጆች። የሚያስፈልጋቸው ምግብን ማሰባጠር እንጂ መቀነስ አይደለም።

2. ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች። ከወትሮው የበለጠ ኃይልና ንጥረ ምግብ ያስፈልጋቸዋል።

3. ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠሩ። ገበሬዎች፣ የግንባታ ሠራተኞችና ጫኝና አውራጆች በሥራ ቀን እህላቸውን ሊቀንሱ አይገባም፤ አትክልትና ጥራጥሬ ግን ሊጨምሩ ይገባል።

4. ክብደታቸው ከሚገባው በታች የሆነ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ ሕክምና ላይ ያሉ፣ እንዲሁም ከሕመም በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች።

5. ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖች የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን። የመድኃኒቱ መጠን የተወሰነው በሚበሉት ምግብ ልክ ስለሆነ እህሉ በድንገት ሲቀነስ የደም ስኳር አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ምግባቸውን ከመለወጣቸው በፊት የመድኃኒት መጠናቸው በሐኪም መታየት አለበት። ጾም ከመጀመራቸው በፊትም እንዲሁ።

6. የኩላሊት ሕሙማን። ጎመን፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም በውስጣቸው ፖታሲየም ስላላቸው መጠናቸው በሐኪም መወሰን አለበት።

7. ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ። አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠልን በድንገት ማብዛት የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ አስቀድመው ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል።

የደም ስኳር ሲወርድ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብና መደናገር ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያውኑ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለውም ምግብ ማብላት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም ሳይሰጥ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ስኳርን ለመቀነስ በሚጥር ቤት ውስጥ የስኳር ታማሚ ካለ ለዚህ ዓይነቱ አደጋ የሚሆን ጥቂት ስኳር ምንጊዜም ከቤት መጥፋት የለበትም።

ምርመራና ክትትል

የስኳር በሽታም ሆነ የደም ግፊት ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ተደጋጋሚ የውኃ ጥም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ የዕይታ መደብዘዝና የማይድን ቁስል ያለበት ሰው ሳይዘገይ መመርመር አለበት። ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ የሆድ ውፍረት ያለበት ወይም በቤተሰቡ የስኳር ሕመም ያለ ሰው ደግሞ ምልክት ባይኖረውም መመርመር ይመከራል።

ምግብ ሳይበላ በተደረገ ምርመራ የደም ስኳር መጠን 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ አለ ማለት ነው። በተለያዩ ቀናት በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊትም ሕክምና ያስፈልገዋል። ምርመራው በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በቤት ለቤት ጉብኝታቸው የአመጋገብ ምክርና ወደ ጤና ተቋም የመላክ አገልግሎት ይሰጣሉ። የታዘዘ መድኃኒት ያለው ሰው አመጋገቡን ስላስተካከለ ብቻ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

ማጠቃለያ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለተመጣጠነ አመጋገብ የሚያስፈልገው አብዛኛው ምግብ ከአካባቢው ማሳና ጓሮ ይገኛል። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ምስሩ፣ አይቡና እንቁላሉ ቀድሞም በማዕዱ ላይ የነበሩ ናቸው፤ የሚለወጠው ድርሻቸው ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ጤናማ አዋቂ ስኳርን አስቀድሞ ቢቀንስ፣ ድንችንና ሩዝን ከእህል ወገን ቢቆጥር፣ እንጀራውን በመጠን አውጥቶ ቀሪውን ቦታ በአትክልትና በጥራጥሬ ቢሞላ ራሱን ከከባድ ሕመም፣ ቤተሰቡንም ከረጅም የሕክምና ወጪ ይጠብቃል። ሕፃናት፣ እናቶች፣ የጉልበት ሠራተኞችና መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን ግን ከላይ በተዘረዘረው መሠረት የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ለተጨማሪ ምክር በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማነጋገር ይቻላል።